ሦስተኛዋ ቋጠሮ

በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ «ጋሽ ሜትር» ይለዋል። እናት አባቱ ያወጡለት ስም መታወቂያው ላይ ተጽፏል፤ ከመታወቂያው ውጭ ግን የሚያስታውሰው ያለ አይመስልም። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅማ! ጸሎት ሲሄድ አንገቱ ላይ ነው፤ የታመመ ሲጠይቅ አንገቱ ላይ ነው። አንድ ቀን እንዲያውም ሊታጠብ ገብቶ ውሃው ከወረደበት በኋላ ነው ሜትሩን እንዳላወለቀ ያስተዋለው። ሚስቱ ይህን ለሰው ስትነግር ሳቋ ስለሚቀድማት ወሬውን ጨርሳው አታውቅም።

የስፌት ቤቱ በመድኃኒት ቤትና በአንድ ጫማ ጠጋኝ መካከል የተሰነቀረች አንዲት ክፍል ነች። መስኮቷ ወደ ፀሐይ መውጫ ስለሚያይ ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ሁለት የስፌት መኪና አለ፦ የእሱ መስኮቱ ሥር፣ የሚስቱ ጥጉ ላይ። ሥራውንም ተካፍለውታል። ለክቶ፣ ቆርጦ፣ አካሉን ከእጅጌው የሚያገናኘው እሱ ነው። ገበር የምታለብሰው፣ የምትዘመዝመው፣ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራው እሷ ነች። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ሲሠሩ፣ አንዱ ሳይዞር የሌላውን ሥራ በድምፁ ያውቀዋል።

ጋሽ ሜትር በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው የሰው ልክ ጽፎ አለማወቁ ነው። የሁሉም ሰው ትከሻ፣ ደረትና ወገብ ራሱ ውስጥ ነው ያለው። አሥራ ሁለት ዓመት ርቆ የከረመ ሰው አንድ ቀን በሩ ላይ ብቅ ቢል፣ ጋሽ ሜትር ገና ሳይጨብጠው፣ «ወገብህ ሰማንያ ሁለት ነበር። ይህን ሆድ የት አገኘኸው?» አለው። ሰውየው ሳቁን ለቀቀው፤ አገሩ መግባቱን ሰፈሩ ያወቀው በዚያ ሳቅ ነው።

ሁለተኛው የክሩ አጨራረስ ነው። እጅጌ የሚገጥመው በመኪና አይደለም፤ በእጁ ነው። ስፌቱን ሲጨርስ ክሩን ሁለት ጊዜ ይቋጥርና በጥርሱ ይበጥሰዋል። ሚስቱ ግን ሦስት ጊዜ ነው የምትቋጥረው። በዚህ ነገር ከተጋቡ ጀምሮ ሲነታረኩ ኖረዋል።

«አንዷ ስፌቱን ትይዛለች፣ ሁለተኛዋ አንደኛዋን ትይዛለች። ሦስተኛዋ ምን ትሠራለች? የጥርጣሬ ናት» ይላታል።

«የጸሎት ናት» ትለዋለች እሷም መርፌዋን ሳታቆም። «አንተ በእጅህ ስለምትተማመን አያስፈልግህም። እኔ ግን ጸሎቴን ላደርስ እፈልጋለሁ።»

ነገሩ የጀመረው በአንድ ብርጭቆ ሻይ ነው። ጋሽ ሜትር ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ጣቶቹ ከብርጭቆው ጎን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አረፉ። ሳቀ፤ ሚስቱም ሳቀች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። በሌላው ሳምንት «መቀሴን ማን አነሣብኝ?» ብሎ ቤቱን አመሰው፤ መቀሱ አፍንጫው ሥር ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ከዚያ ደግሞ የበሩ ደረጃ አንድ ቀን ጉድጓድ፣ አንድ ቀን ሜዳ ሆኖ ይታየው ጀመር። የጠዋት ጸሎቱን ከመጽሐፍ ማንበብ ይወድ ነበር። አሁን መስመሮቹ እየዘለሉ እርስ በርሳቸው ይገባሉ። መጽሐፉን እንደ ድሮው ከፍቶ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና በቃሉ ይጸልያል። ይህን ለማንም አልተናገረም።

«መነጽር ነው» አለች ሚስቱ። መነጽር ተገዛ። አልረዳም። ሁለተኛ ተገዛ። ለሦስተኛው ሲሄዱ የዓይን ሐኪሙ በመሣሪያው ትክ ብሎ አየውና፣ «አባቴ፣ ይህ ዓይን የእኔን ያስንቃል። ምንም አልጎደለውም» አለ። መነጽር ሻጩ ደግሞ ሲሸኛቸው፣ «አራተኛ ከመጡ ሱቁን አስረክቤዎት እሄዳለሁ» አለ። ጋሽ ሜትር ከአንገት በላይ ሳቀ።

ከዚያ የርዕሰ መምህሩ ኮት መጣ። ርዕሰ መምህሩ መንገዱን ተሻግሮ ያለው ትምህርት ቤት ኃላፊ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ከጋሽ ሜትር ሌላ ሰፊ አያውቅም። አዲሱን ኮት ለብሶ መስተዋቱ ፊት ቆመ። ክንዱን ወደ ፊት ሊያወጣ ቢል እጅጌው ወደ ኋላ ይጎትተዋል። እጁን ሲለቀው ሁለቱም መዳፎቹ ወደ ኋላ ዞረው ቀሩ።

«ጋሽ ሜትር፣ ይህን የሰፋህልኝ ወደ ኋላ እንድሄድ ነው?»

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«እኔንጃ። ልክ እጄን የፊጥኝ ሊያስሩኝ እንደሆነ ዓይነት ነው።»

ሚስቱ ከጥጓ ተነሥታ መጣች። የግራው እጅጌ ቀኝ ላይ፣ የቀኙ ግራ ላይ ገብቷል። ለማጅ እንኳ ከመጀመሪያው ወር በኋላ አይሠራውም። ጋሽ ሜትር ኮቱን አስወልቆ ወደ መስኮቱ ወሰደው። አገላበጠው። ፊቱን ከጀርባው፣ ላዩን ከታቹ መለየት አቃተው። የያዘው ኮት መሆኑን ያውቃል፤ ኮቱ ግን እንደ ኮት አልሰበሰብ አለው።

«ይቅርታ መምህር» አለ። «እንቅልፍ አጥቼ ነው የሰነበትኩት።»

ወሬ እግር አለው። ከጎን ያለው ጫማ ጠጋኝ በማግስቱ አውራ ጣቱን ወደ አፉ እያዘነበለ፣ «ጋሽ ሜትር፣ በስተርጅና ጀመርካት እንዴ?» አለው። ለቀልድ ነበር። ጋሽ ሜትር ግን በዕድሜው አንዲት ጠብታ ቀምሶ አያውቅም። ያን ቀን ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተሻለ። አራት ወር ሙሉ አንድም ደንበኛ ኮት አልመለሰም። እጅጌው ሁሉ እንደ ድሮው ትከሻ ላይ ቁጭ ይላል። ጋሽ ሜትር ጠዋት ጠዋት ጸሎት ደርሶ ሲመለስ ልቡ ቀሎት ነው። «ተመስገን፣ እጄን መለስክልኝ» ይላል መንገድ ለመንገድ።

አንድ ቀን ሚስቱ ክር ልትገዛ ወጣች። አንድ ያለቀ ኮት ባለቤቱ ዘግይቶ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሽ ሜትር እንዲያው በልማድ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና የብብቱን ስፌት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ጣቱ ክሩ መጨረሻ ላይ ቆመ። ደግሞ ዳሰሰ። ሦስት ቋጠሮ።

ሁለተኛውን ኮት አወረደ። ሦስት። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ሁሉም ሦስት፣ ሦስት ነው።

ሚስቱ ስትመለስ ኮቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል፤ እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ቋጠሮው።»

የክሩን ፌስታል ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ከርዕሰ መምህሩ ኮት ወዲህ። አንተ ለጸሎት ስትወጣ እየተረተርኩ…»

«ሁሉንም?»

«ሱሪዎቹ ደህና ናቸው» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን፣ «ብዙዎቹ» ብላ ጨመረች።

ጋሽ ሜትር ከላይ ያለውን ኮት ወደ ራሱ ሳበ። «ለካ አራት ወር ሙሉ እጄን መለስክልኝ ብዬ ያመሰገንኩት ስላንቺ እጅ ኖሯል» አላት።

«ታዲያ እሱስ ምን አለው? እኔም ምስጋና ሲያንሰኝ ነበር» አለች። ልትስቅ ነበር የፈለገችው፤ እንባዋ ቀደማት።  

«አልሰከርኩም» አላት። «አልሰነፍኩም። ዓይኔም አልጠፋም። ማየቱን አያለሁ፤ ግን የማየው ነገር ተቆራርጦ የተበተነ ጨርቅ ነው። የሚገጥምልኝ አጣሁ።»

ቅዳሜ ሴት ልጃቸው መጣች። በከተማው ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ ነገር የማታንዛዛ ሴት ናት። እናቷ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«እማዬ፣ ይሄ የመርሳት በሽታ ነው» አለች። «የባልደረባዬ እናት እንዲህ ነበር የጀመራቸው። በዓመቱ የገዛ ልጃቸውን «አንቺ ማን ነሽ?» አሉ። ስፌት ቤቱ ይዘጋና እኔ ጋ ትመጣላችሁ። ካውያና መቀስ ባለበት ቤት…»

«እኔ ምን ረሳሁ?» አላት አባቷ።

«አባዬ፣ እኔ ላንተው ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ምን ረሳሁ? አንደኛ ክፍል ስትገቢ ወገብሽ አምሳ ሁለት፣ የቀሚስሽ ቁመት አርባ አምስት። ሁለተኛ ክፍል ወገብሽ አልጨመረም፤ ታመሽ ነበር። ቁመቱ ግን አርባ ዘጠኝ ገባ። ሦስተኛ ክፍል…» እያለ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የዩኒፎርሟን ልክ ደረደረው። ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ ሰማችው። ሰባተኛ ክፍል ላይ እናቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

«እሺ» አለች ልጃቸው ድምፁ ሲያበቃ። «ሐኪም ይየው። ፍርዱን ለሐኪም እንተወው። የመርሳት በሽታ ነው ካለ ግን ይዘጋል። ተስማማህ?»

ጋሽ ሜትር የሜትሩን ሁለት ጫፎች በሁለት እጁ ያዘ። ቤቱ የተዘጋ እንደሆነ ራሱ ውስጥ ያሉት እነዚያ ሁሉ ሰዎች የትም የሚቆሙ አልመሰለውም።

«ተስማማሁ» አላት።

ሐኪሟ ዕድሜዋ ከልጃቸው ዕድሜ የማይበልጥ፣ ለሰው ጊዜ የምትሰጥ ሴት ነበረች። አምስት ቃላት አስጠናችው፤ ብዙ ሌላ ነገር ከጠየቀችው በኋላ መልሳ ብትጠይቀው አምስቱንም አንድ ሳያጎድል መለሰላት። ቀኑን፣ ወሩን፣ ያለበትን ፎቅ ነገራት። ልጃቸው ማመን አቅቷት አባቷን ታየዋለች። ከዚያ ሐኪሟ ወረቀትና እርሳስ ሰጠችውና፣ «ሰዓት ይሳሉልኝ፤ ቁጥሮቹን ሁሉ ያስገቡ» አለችው። ክቡ አልገጥም አለው። አሥራ ሁለቱንም ቁጥሮች አንድ ጥግ ላይ አከማቸ።

«ቁጥሮቹ ስብሰባ ተጠርተው ነው እንዴ?» አለች ሚስቱ ጭንቀቷን ለመደበቅ።

«ስብሰባው ደግሞ አልተበተነም» አለ እሱ ወረቀቱን እየገፋ።

ሐኪሟ ቀጥላ ዓይኑን አስጨፍና አንድ ነገር መዳፉ ላይ አኖረች። «ቁልፍ ነው» አለ ወዲያው። «የሳጥን ቁልፍ፤ አንድ ጥርሱ ተበልቷል።» ዓይኑን አስገልጣ ያንኑ ቁልፍ ከሌሎች ነገሮች ጋር ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጠው ግን ፈልጎ አላገኘውም።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?» አለች። «እኛ በደፈናው የመርሳት በሽታ የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። አንዱ ከትዝታ ይጀምራል። አንዱ ትዝታን ትቶ ጠባይን ይለውጣል፤ ጨዋው ሰው ተሳዳቢ ይሆናል። አንዱ ከደም ሥር መዘጋት ይመጣል። ጭንቅላት ውስጥ ውሃ ሲጠራቀምም የሚመስለው ነገር አለ፤ እሱ ቶሎ ከተገኘ ይታከማል። ከውጭ ሲያዩዋቸው የሚመሳሰሉበት ጊዜ አለ፤ ለአንዱ የሚሰጠው መድኃኒት ግን ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከውስጥ ማየት አለብን። የጭንቅላትዎን ፎቶ በኤም አር አይ እናነሣለን። የቱ ቦታ እንደ ሳሳ ያሳየናል። ፎቶው ብቻውን አይፈርድም፤ ዛሬ ካየሁትና ከነገራችሁኝ ጋር ተደምሮ ነው።»

«ፎቶው ላይ ልኬቶቼ ይታያሉ?» ብሎ ጠየቃት ጋሽ ሜትር።

ሐኪሟ አልገባትም። ሚስቱ ልታስረዳ ስትል፣ «ተይው፣ ኋላ እነግራታለሁ» አላት።

የምርመራው ቀን አንድ ወጣት ባለሙያ በር ላይ ተቀበላቸው።

«አባባ፣ ብረት ነገር በሰውነትዎ ላይ አለ?»

«የለም።»

«ሰዓት፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም? በቀዶ ሕክምና የገባ ነገር?»

«የለም አልኩህ እኮ ልጄ።»

«አንዴ ቆይ» አለች ሚስቱ። ወደ ኮቱ ኮሌታ እጇን ሰደደችና አንድ ስፒል ነቀለች። ከሥሩ ሌላ። በደረቱ በኩል አራት። መዳፏ ላይ ስፒል በስፒል ላይ ተከመረ፤ አሥራ አንድ ሆነ። ከእጅጌው ጫፍ ክር እንደተንጠለጠለባት አንዲት መርፌ፣ ከኪሱ ደግሞ ጣቱን ከመርፌ የሚከላከልባት የብረት ቆብ ወጣች።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ መጋዘን ነዎት!» አለ ባለሙያው። ቀጥሎ ግን ፊቱን ኮስተር አደረገ። «እትዬ ባይኖሩ ጉድ ሆነን ነበር። ውስጥ ያለው ማግኔት ነው። ይህን ሁሉ እንደ ጥይት ነው የሚስበው።»

ጋሽ ሜትር አፈረ። ስፒል ኮሌታ ላይ መሰካት ለሰፊ እንደ መተንፈስ ነው፤ ብረት መሆኑንም ረስቶታል። ይህንን መርሳቱን ልጁ ባለማየቷ ፈጣሪውን አመሰገነ።

«ሜትሩም ይውጣ» አለ ባለሙያው። «ጫፎቹ ብረት ናቸው።»

ይሄኛው ከበደ። ጋሽ ሜትር ሜትሩን ከአንገቱ አንሥቶ የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ቆመ። ሚስቱ ተቀብላ የራሷ አንገት ላይ አደረገችው። እሱ በባዶ አንገቱ፣ ሰው ፊት ልብሱን እንዳወለቀ ሰው ትከሻውን ሰብስቦ ገባ። ያለበሱትን የሆስፒታል ልብስ ግን ሳይዳስስ አላለፈም።

«ይህን የሰፋው ማነው? ዝምዝማቱ ሁሉ ተተርትሯል።»

«አባባ፣ አይናገሩ፣ አይንቀሳቀሱ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው።»

ጠባቡ ዋሻ ውስጥ ሲያስገቡት ማሽኑ ይጮህ ጀመር። መጀመሪያ ደነገጠ። ቀጥሎ ግን የጩኸቱን ምት ጆሮው ለመደው፤ ዘይት ያጣ የስፌት መኪና ወፍራም ጨርቅ ሲወጋ እንዲህ ነው። ጸሎቱን በልቡ አደረሰ። ጸሎቱ ሲያልቅ ጊዜው አላለቀም፤ ስለዚህ ሰዎቹን መጥራት ያዘ። ርዕሰ መምህሩ፦ ትከሻ አርባ ስድስት፣ ደረት መቶ ሁለት፣ ጤና ይስጠው። ጫማ ጠጋኙ፦ ትከሻ አርባ አራት፣ ግራው ዝቅ ይላል፤ ምላሱን ይሰብስብለት። መድኃኒት ቤቷ ያለችው ልጅ፦ ወገብ ሰባ፣ የወለደች ጊዜ ሰባ ስድስት፣ ልጇን ያሳድግላት። ማሽኑ ዝም ሲል ገና አርባ ሦስተኛው ሰው ላይ ነበር።

ውጤቱን ለመስማት በሳምንቱ ሦስት ሆነው ሄዱ። ሐኪሟ ፎቶውን ስክሪኑ ላይ ከፈተችና ወደ እሱ አዞረችው። ጋሽ ሜትር ትኩር ብሎ አየ። ነጭ ነገር አለ፣ ጥቁር ነገር አለ፤ አንዱም ከሌላው ጋር አልገጥም አለ።

«የገዛ ጭንቅላቴ ነው፤ እኔ ግን አይታየኝም» አለ። ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ ንገሪኝ። እንደምታዪው።»

ሚስቱ ወንበሯን አስጠጋች። ሐኪሟን አየት አደረገቻት፤ ሐኪሟም ጭንቅላቷን ነቅንቃ ፈቀደችላት።

«እንደ ኮት ጀርባ መሃሉ ላይ ስፌት አለው» አለች ቀስ ብላ። «ለሁለት እኩል ተከፍሏል። ወደ ፊት ያለው ጨርቁ ሞልቶ ገበሩ ጋ ደርሷል። ጎንና ጎኑም ደህና ነው። ከኋላው ግን…»

«ከኋላው ምን?»

«ከኋላው ጨርቁ ውሃ ነክቶት እንደ ተሰበሰበ ነው። ገበሩ ባለበት ቀርቷል። መሃላቸው ባዶ ነው።»

ጋሽ ሜትር ዓይኑን ጨፍኖ እጁን አየር ላይ አንቀሳቀሰ፤ የሚታየውን ሳይሆን የሚዳሰሰውን እየፈለገ። «ገባኝ» አለ። «ሳይነከር የተቆረጠ ጨርቅ፤ ኋላ ውሃ ሲነካው የሚኮማተር።»

«እኔም ከዚህ የተሻለ አልገልጸውም» አለች ሐኪሟ። «ያ የኋላው ክፍል ዓይን ያመጣውን የሚገጣጥመው ነው። ዓይንዎ ደህና ሆኖ መቀሱ የሚጠፋብዎት ለዚህ ነው። የተዘጋ የደም ሥር የለም፣ የተጠራቀመ ውሃ የለም፣ እጢ የለም። የትዝታው ቦታ ለዕድሜዎ ደህና ነው።»

«ስለዚህ የመርሳት በሽታ አይደለም?» አለች ልጃቸው።

«ዘመዱ ነው» አለች ሐኪሟ። «ብዙ ጊዜ ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው፤ ይህኛው የጀመረው ግን በሌላ በር ነው። አልዋሻችሁም። የሚያግዝ መድኃኒት አለ፤ የሚያቆመው ግን የለም። ከኋላ የጀመረው ቀስ እያለ ወደ ሌላውም ይሄዳል።»

«አሁን ልጠይቅሽ» አለ ጋሽ ሜትር። «እኔ የሰው ልክ ጽፌ አላውቅም። ሁሉም እዚህ ነው ያለው» ብሎ ጆሮ ግንዱን ነካ። «ስንት ጊዜ ይቆይልኛል?»

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «ዓመት ቆጥሬ ልሰጥዎ አልችልም አባቴ። ዛሬ ግን ልኬቶቹ አሉ። እኔ እርስዎን ብሆን ከዛሬ ጀምሬ አስጽፋቸዋለሁ።»

ሲወጡ ደረጃው ጋ ሚስቱ ክንዷን ሰጠችው። ታች ሲደርሱ ቦርሳዋን ከፍታ ሜትሩን አወጣች፤ እንደ ምርመራው ቀን እንዳይሆን፣ ስፒሉንም ሜትሩንም ከቤት ሲወጡ ጀምሮ እሷ ነበረች የያዘችው። ልታጠልቅለት እጇን ስታነሣ አንጓዋን ያዛት።

«አንቺ ላይ ይሁን» አላት።

«ምነው?»

«ከአሁን በኋላ የምትቆርጪው አንቺ ነሽ። የኔ መቁረጥ ይብቃ። ሰው ወደ ኋላ የሚያስኬድ ኮት አልሰፋም።»

ልጃቸው ትንሽ ወደ ኋላ ቀርታ ትሰማ ነበር። ስለ መዝጋት ሌላ ቃል አልተናገረችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ጠንካራ ልባስ ያለው ወፍራም ደብተር ይዛ መጣች፤ መስመሩንም በመዝገብ ቤት ሰው ወግ ራሷ አስምራዋለች፦ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ። ካውያዋን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ እናቷ ጥግ አደረገችና ተቀመጠች።

«ማንን ልጻፍ?»

ጀመረላት። ቅዳሜ በቅዳሜ ከጠዋት እስከ ምሳ እሱ ይጠራል፣ እሷ ትጽፋለች። የሞተ ሰው ሲጠራ ብዕሯን አነሣች።

«አባዬ፣ እኚህ እኮ ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው።»

«ወንዶች ልጆቻቸው ትከሻቸውን ይዘው ነው የወጡት። ጻፊ፣ ይጠቅማል።»

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አንድ ሰው ጠፋበት። መልኩ፣ ድምፁ፣ ሲስቅ የሚያደርገው ሁሉ አለ፤ ወገቡ የለም። ብዙ ፈለገው። ልጁ መስመሩን ባዶ ትታ ቀጣዩን ጠየቀችው። ሚስቱ መኪናዋን ትንሽ አቆመችና ቀጠለች። ማንም ስለዚያ ባዶ መስመር አላነሣም፤ እሱ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ከምሳም በኋላ እንጻፍ ማለት ጀመረ።

ጫማ ጠጋኙ ነገሩን በኋላ ነው የሰማው። ይቅርታ ለማለት አፉ የሚታዘዝለት ሰው አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት የስፌት ቤቱ ደረጃ ጠርዝ ላይ ቢጫ ቆዳ በምስማር ተመትቶ ተገኘ፤ ደረጃው የት እንደሚያልቅ ከሩቅ ይጮሃል። ጋሽ ሜትር በእግሩ ጫፍ ነካው፤ በልበ ሙሉነት ረገጠው።

«ማን ነው ይህን የሠራው?» አለ ጮክ ብሎ፣ ከጎን እንዲሰማ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ ጫማ ጠጋኙ ከውስጥ። «አንድ ሰካራም ይሆናል።»

ጋሽ ሜትር ያን ቀን እንደ ሳቀው ከሳቀ ቆይቷል።

ርዕሰ መምህሩ ሌላ ኮት አዘዘ። እንዲያውም ሌላ ሰፊ ጋ የጀመረውን ትቶ ነው የመጣው። ሚስቱ ሜትሩ አንገቷ ላይ ሆኖ ቆረጠች። ጋሽ ሜትር ጠረጴዛው ዳር ቁጭ ብሎ፣ «ግራው ትከሻ ግማሽ ጣት ዝቅ ይበል፤ ደብተር ስለሚሸከምበት ነው» ይላታል። እሷ ትቆርጣለች። መቀሱ ጨርቁን ሲበላ በድምፁ ብቻ፣ «ቸኮልሽ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላታል። እሷም፣ «አንተ ሰው፣ ሜትሩን ብሰጥህ ይሻላል መሰለኝ፤ አፍህ ሥራ ፈታ» ትለዋለች። እጅጌዎቹ በየራሳቸው ቦታ ገቡ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እጅጌ በድብቅ ሳይሆን በግልጽ ስትገጥም የመጀመሪያዋ ነው።

ሲያልቅ ኮቱን ጉልበቱ ላይ አደረገችለት። ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ጀመረ። ኮሌታውን ዞረው። ትከሻው ላይ ወረደ፣ እጅጌው የተገጠመበትን ዙሪያ ከፊት ወደ ኋላ ተከተለው፤ አልተሸበሸበም፣ አልተጎተተም። ብብቱ ውስጥ የክሩ መጨረሻ ላይ ደረሰና ጣቱ ቆመ። ደገመና ዳሰሰው።

«ሁለት ነው» አላት።

«ያንተ ደንበኛ ኮት አይደል? ባንተ ወግ ቋጠርኩት። ሦስተኛዋ የጥርጣሬ ናት ስትል የኖርክ አንተ አይደለህ?»

ጋሽ ሜትር ኮቱን አልመለሰላትም። የብብቱን ስፌት ወደ ላይ ገልብጦ፣ ክሩ ያለቀበትን ቦታ በአውራ ጣቱ እንደያዘ አቀረበላት።

«ጨምሪያት» አላት።

እሷም መርፌዋን ከኮሌታዋ ላይ ነቀለች።